መሬት ላይ የተኛ ወይን፦ የሳንቶሪኒ የጉዞ ማስታወሻ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2017፦ ከፒሬየስ እስከ ካርቴራዶስ

አቴንስ የሄድኩት ለሥራ ነው። ሥራው ማክሰኞ አለቀ፤ የመመለሻ በረራዬ ግን ሰኞ ማታ ነው። አብሮኝ የሠራ ግሪካዊ ወዳጄን "ቀሪውን ጊዜ ምን ላድርግበት?" ስለው፣ "ሳንቶሪኒ ሂድ። ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ ለማንሳት ከሆነ ግን አትድከም። ወይኑን ቅመስ" አለኝ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ በዚያች ደሴት ላይ የሚደረግ፣ ከስምንት ሰው በላይ የማይዝ የወይን ቅምሻ ጉብኝት አሳየኝ። ግማሽ ቀን ነው፤ ሦስት መጥመቂያ ቤት ያስገባል፤ ዋጋው 160 ዩሮ። ምራቄን ዋጥኩ። በትልቅ አውቶቡስ የሚኬድ፣ በግማሽ ዋጋ የሚገኝም አለ። ወዳጄ ግን "በአውቶቡስ ከሄድክ የምታየው ወይን ሳይሆን የሰው ጀርባ ነው" አለ። ከፈልኩ።

መርከቡ ከፒሬየስ፣ ከአቴንስ ወደብ፣ የሚነሳው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ትኬቱ ሃምሳ ዩሮ ገደማ ነው፤ ቁጥር የሌለው መቀመጫ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዛል። ፈጣን የሚባሉት ጀልባዎች ከእጥፍ በማይተናነስ ዋጋ ጊዜውን ያሳጥራሉ። ያን ቀን ግን በንፋስ ምክንያት ቀርተው ነበር፤ ተሳፋሪዎቻቸው ወደ እኛ መርከብ ጎርፈው መተላለፊያው ሁሉ ሻንጣ ሆነ። ንፋሱ ሜልቴሚ ይባላል። በአውሮፓ በጋ (የእኛ ክረምት ሲሆን) ከሰሜን እየመጣ ኤጂያን ባሕርን ያምሳል። ከዚህ በኋላ ስሙን ብዙ ጊዜ ስለምጠራው ከአሁኑ ብትለምዱት ይሻላል።

ቁርስ ፍለጋ ወደ ካፌው ሄድኩ። ረቡዕ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ አይብ ወይ እንቁላል አለበት። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦና ጥቁር ቡና ይዤ ወጣሁ። ፓሮስና ናክሶስ የሚባሉ ደሴቶች ላይ ቆመን ቀጠልን። ሁለቱም ቦታ ሰው አወራርዶና ሻንጣ አግበስብሶ መነሳት ረጅም ጊዜ ወሰደ።

ሳንቶሪኒ ስንደርስ ሁሉም ወደ መርከቡ ጠርዝ ወጣ። ከፊታችን የቆመው ደሴት ሳይሆን ገደል ነው። ጥቁር፣ ቀይና አመድማ ድርብርብ አለቱ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይወጣል። አናቱ ላይ ነጭ ቤቶች ተደርድረዋል። መርከባችን ያለችው እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ከዛሬ 3600 ዓመት አካባቢ በፊት ተራራው ፈነዳ፤ መሃሉ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ባሕሩ ገባበት። የቀረው ጨረቃ መሳይ ጠርዝ ነው ዛሬ ሰው የሚኖርበት።

ከአቲኒዮስ ወደብ ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ሊማሊሞን ለሚያውቅ ሰው አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው መንገዱን የሚጋሩት መኪኖች ብዛት ነው፤ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ አራት ጎማ ሞተር የተከራየ ጎረምሳ፣ ሁሉም እኩል ይወጣል። የሕዝብ አውቶቡስ ሁለት ዩሮ ምናምን ነው። ረዳት አለ፣ ብር ይሰበስባል፣ መልስ ይሰጣል፣ ይጮኻል። ደስ አለኝ።

ያረፍኩት ካርቴራዶስ የሚባል መንደር ነው። ገደሉን ከሚያዩት ሆቴሎች ራቅ ስለሚል ዋጋው ይቀንሳል፤ ለአንድ ሌሊት 85 ዩሮ። ለደሴቲቱ ርካሽ ነው፤ ለእኔ አይደለም። ክፍሉ ከጠነከረ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ጣሪያው ቅስት ነው፤ ውስጡ ያለ ማቀዝቀዣ ቀዝቃዛ ነው። አከራይዋ ሰባዎቹን ያለፉ እናት ናቸው። እንግሊዝኛቸው ትንሽ፣ ምልክታቸው ብዙ ነው። የቧንቧው ውሃ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ ለመጠጥ የታሸገ እንድገዛ ነገሩኝ። ቀጥለው ስለ መሬት መንቀጥቀጡ አወሩኝ። በፈረንጆች 2025 የካቲት ላይ ምድሪቱ ለሳምንታት ስትንቀጠቀጥ ከአሥራ አንድ ሺህ ሰው በላይ ደሴቲቱን ለቆ ወጥቶ ነበር። እሳቸውም አቴንስ ያለችው ልጃቸው ዘንድ ሰነበቱ። "ዘንድሮ እንግዳ ቀንሷል" አሉ። ከመስኮቱ ውጪ የተደረደረውን የኪራይ መኪና ሳይ፣ ያልቀነሰበት ዓመት እንዴት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22፦ ፊራና ፒርጎስ

ፊራ ዋናዋ ከተማ ናት፤ ከካርቴራዶስ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ጠዋት ሄድኩ። ሦስት ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ከታች ቆመዋል። ሰዉ በገመድ ሊፍት እየወጣ ጠባቡን መንገድ ሞልቶታል። በእግር መውጣት የፈለገ 587 ደረጃ አለለት። አህያና በቅሎም አለ። የእኛ አገር በቅሎ ሸክሟ ቢከብድም እንዲህ ፀሐይ ላይ ተሰልፋ ቱሪስት ስትጠብቅ አላየሁም። ግሪክ በፈረንጆች 2018 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጆች ናቸው) አንድ አህያ ከመቶ ኪሎ ወይም ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ እንዳይጫን ደንግጋለች። ደንቡ አለ። ሚዛን ግን አላየሁም።

ገደሉን የሚያይ ካፌ ቁጭ ብዬ ቡና አዘዝኩ፤ 7 ዩሮ። ሁለት መንገድ ወደ ኋላ ተመልሼ ሌላ ጠጣሁ፤ 2 ተኩል። የኋለኛው ይሻላል። ፊራ ላይ ከዚህ በላይ ለመቆየት አልፈለግኩም።

ከሰዓት በአውቶቡስ ወደ ፒርጎስ ወጣሁ። በደሴቲቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተሠራች የድሮ መንደር ናት። በመንገዳችን ግራና ቀኝ ሜዳው አመድማ ነው፤ እዚህም እዚያም መሬት ላይ የተኮማተረ አረንጓዴ ቁጥቋጦ አለ። የተተወ መሬት መስሎኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ እያመለከቱ "ክራሲ" አሉኝ፣ ወይን። እንጨት የለ፣ ሽቦ የለ፣ ረድፍ የለ። በፎቶ የማውቀው የወይን እርሻ ሐረጉ በሽቦ ላይ ተዘርግቶ ወታደር ሆኖ የቆመ ነው። ይኼ መሬት ላይ ተኝቷል።

ፒርጎስ ላይ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ምሳ በላሁ። ፋቫ አዘዝኩ፤ ቢጫ፣ ወፈር ያለ፣ ከላዩ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ያለበት፣ ከእኛ የክክ ወጥ ብዙ የማይርቅ ነገር ነው። 9 ዩሮ። ባለቤቱ ጥሬውን በጣሳ አምጥቶ አሳየኝ። ሳየው ደነገጥኩ። ጓያ ነው! ሙሉ በሙሉ እሱ ባይሆንም የቅርብ ዘመዱ ነው፤ የእኛ ጓያ ላታይረስ ሳቲቨስ፣ የእነሱ ላታይረስ ክላይሜነም ይባላል። እኛ ዘንድ ጓያ ስሙ ክፉ ነው። በችግር ዘመን ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይሽመደመዳል። እዚህ ግን ዘመዱ የአውሮፓ ኅብረት በስሙ ጥበቃ የሰጠው፣ በትንሽ ከረጢት በውድ የሚሸጥ የተከበረ እህል ነው። ለባለቤቱ ስለ ጓያችን ላስረዳው ሞከርኩ። ደንበኛ የሚያስደነግጥ ወሬ መሰለው መሰለኝ፣ ጣሳውን ቀስ ብሎ አነሳው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23፦ የቅምሻው ቀን

የመገናኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። መልእክቱ "ካርቴራዶስ፣ ሰማያዊ ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ" ይላል። አዲስ አበባ ላይ "አስፋልቱ ጋ ጠብቀኝ" እንደማለት ነው። በዚህች ደሴት ሰማያዊ ጉልላት የሌለው ቤተ ክርስቲያን ማግኘት ነው የሚከብደው። እኔ አንዱ ጋ ቆሜ፣ መኪናው ሌላው ጋ ቆሞ ሃያ አምስት ደቂቃ በፀሐይ ተቀቀልኩ። ሲመጡ አስጎብኚዋ ወርዳ ይቅርታ ጠየቀች። ውስጥ ያሉት ሰባት ሰዎች በትዕግሥት ፈገግ አሉ። ጡረታ የወጡ ካናዳውያን ባልና ሚስት፣ ሁለት ጀርመናውያን ጓደኛሞች፣ በጫጉላ ላይ ያሉ አውስትራሊያውያንና ቀዩን ማስታወሻ ደብተሩን የማይለቅ አንድ ኮሪያዊ ናቸው። አስጎብኚዋ ወጣት ናት፤ የደሴቲቱ ልጅ ነች። ወይን ማስተናገድን በትምህርት ቤት የተማረች ብትሆንም እንደ ባለሙያ አትንቀባረርም።

መጀመሪያ ያቆመችን መጥመቂያ ቤት ሳይሆን ባዶ ሜዳ ላይ ነው። በሩን እንደከፈትን ሜልቴሚ የካናዳዊቷን ባርኔጣ ይዞ ሄደ። አውስትራሊያዊው ሮጦ ያዘው። "አሁን ወይኑ ለምን መሬት ላይ እንደተኛ ገባችሁ" አለች አስጎብኚዋ።

ገበሬው በአውሮፓ ክረምት ሲገርዝ ሐረጉን እየጠመዘዘ በክብ ይጎነጉነዋል። በየዓመቱ ዙር ይጨመርበታል። በስተመጨረሻ ቅርጫት ይሆናል፤ ፍሬው ቅርጫቱ ውስጥ ያድጋል። ንፋስ አያገኘውም፤ ንፋሱ የሚያነሳው አሸዋ አይገርፈውም፤ ቅጠሉ ከፀሐይ ይከልለዋል። እነሱ ኩሉራ ይሉታል። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል።

ቀጥሎ አፈሩን በእጇ ዛቀች። አፈር ማለት ይከብዳል፤ አመድ፣ አሸዋና ቀላል ነጭ ድንጋይ ነው። በዓመት የሚጥለው ዝናብ ከአራት መቶ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ እሱም በአብዛኛው በክረምት ነው። በበጋ ጠብታ የለም፤ አብዛኛው ማሳም መስኖ አያውቅም። ታዲያ በምን ይኖራል? ሌሊት ከባሕር ጉም ይነሳል፤ ያ ነጭ ድንጋይ እርጥበቱን ይመጠዋል፤ ቀን ለሥሩ ቀስ እያለ ይለቅለታል።

ጥቅሙ ይህ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የምትባል፣ ሥር የምትመጥ ጥቃቅን ነፍሳት ከአሜሪካ መጥታ የአውሮፓን ወይን ጨረሰችው። ዛሬ በአውሮፓ አብዛኛው ወይን የበቀለው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ተቀጥሎ ነው። ሳንቶሪኒ ላይ ግን ነፍሳቷ መኖር አልቻለችም፤ አፈሩ ውስጥ ሸክላ የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ወይኑ ዛሬም በገዛ ሥሩ ቆሟል። ቅርጫቱ አርጅቶ ፍሬ ሲነሳ ገበሬው ከላይ ይቆርጠዋል፤ ከዚያው ሥር አዲስ ይበቅላል። ሥሩ ስንት መቶ ዓመት እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማን ይቆጥራል?

ጀርመናዊው "ስንት ፍሬ ይሰጣል?" አለ። "ጥቂት" አለች፣ ሳቋን ጣል አድርጋ። ማሽን አይገባበትም፤ ሁሉም በእጅ፣ በጉልበት፣ በወገብ ነው። በዚህ ላይ የመሬቱ ዋጋ አለ። ከማሳው ማዶ በግንብ የታጠረ ቪላ ቆሟል፤ የመዋኛ ገንዳው ውሃ ያብረቀርቃል። የአጎቷ ማሳ እንደነበር ነገረችን። አጎቷ ወይን ሲለቅም ቢኖር በዕድሜው ሙሉ የማያገኘውን ገንዘብ በአንድ ፊርማ አገኘ። "አልፈርድበትም" አለች። በደሴቲቱ የቀረው የወይን መሬት አንድ ሺህ ሄክታር ገደማ ነው፤ ቀድሞ ብዙ እጥፍ ነበር። የወይኑ ኪሎ አሁን ከ5 ዩሮ በላይ ይሸጣል። ለወይን ይኼ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ከቪላ ጋር ሲወዳደር ግን ምንም አይደለም። እኛ ቱሪስቶቹ ወይኑን እየጠጣን ማሳውን ነው የምንበላው ብዬ አሰብኩ፤ ድምፄን አውጥቼ ግን አልተናገርኩም፤ ጉብኝቱ ገና መጀመሩ ነው።

የመጀመሪያው መጥመቂያ ቤት ቬኔትሳኖስ ነው፤ ከአቲኒዮስ ወደብ በላይ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሏል። የተሠራው በ1947 ነው። ያኔ መብራት እንደልብ አልነበረም፤ ስለዚህ ሕንፃውን ከላይ ወደ ታች በደረጃ ሠሩት። ወይኑ ከላይ ይገባል፣ ይጨመቃል፣ በራሱ ክብደት ወደ ታች እየወረደ ጋን ከጋን ይቀየራል። ፓምፕ የለም። ይኼንን ስሰማ ከእይታው በላይ ደስ አለኝ።

ሰገነቱ ላይ ተቀመጥን፤ አራት አራት ብርጭቆ ተደረደረ። ዋናው የደሴቲቱ ወይን አሲርቲኮ ነው፤ ነጭ ነው። ወይን አዋቂ አይደለሁም። አገር ቤት ቪኖ ሲቀርብልኝ ቀዩን እመርጣለሁ፤ ነጩን ሴቶች የሚጠጡት ነገር አድርጌ ነበር የማስበው። ይኼ ሌላ ነው። አፍ ሲገባ እንደ ሎሚ ይቆርጣል፤ ሲወርድ ጨው ይተዋል፤ በመጨረሻ ጭስ ጭስ ይላል። ጠንካራ ነው። አልኮሉ ከፍ ያለ ቢሆንም ኮምጣጣነቱ ይሸፍነዋል። ይኼ ነገሩ ነው አደገኛ የሚያደርገው፤ ካናዳዊው በሦስተኛው ብርጭቆ የልጅ ልጆቹን ፎቶ ማሳየት ጀመረ።

ጠረጴዛው ላይ መትፊያ ዕቃ ተቀምጧል። ባለሙያ ቀምሶ ይተፋል አሉ። ኮሪያዊው ብቻ ተፋ። እኔ አልቻልኩም። የከፈሉበትን መትፋት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ቀድቶ የሰጠህን ፊቱ መትፋት ግን በእኛ አስተዳደግ አይሆንም። ከከበደኝ ውሃ እጠጣለሁ አልኩ።

ከወይኑ ጋር የመጣው ሳህን በአይብና በደረቅ ቋሊማ የተሞላ ነው። ስመዘገብ ዓርብ እንደምጾም ጽፌ ነበር፤ መልእክቱ ወጥ ቤት አልደረሰም። ሳልነካ ስቀመጥ አስጎብኚዋ አየች። "ጾም ነው? ዓርብ ስለሆነ?" አለች። አዎ ስላት ተነስታ ሄደች፤ ፋቫ፣ የወይራ ፍሬ፣ ኬፐር የሚባል የቁጥቋጦ እምቡጥና ትንንሽ ቲማቲም ይዛ መጣች። ቲማቲሙም ያለ ውሃ የሚያድግ ነው፤ ቆዳው ወፍራም፣ ጣዕሙ የተጠራቀመ ነው። "እናቴም ትጾማለች፣ እኔ ነኝ ሰነፏ" አለች። የእኛ ጾም ምን ያህል ቀን እንደሆነ ነገርኳት። በግሪክኛ አንድ ነገር አጉተመተመች፤ ጸሎት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ቤት ሜጋሎሆሪ መንደር ውስጥ ያለ የቤተሰብ መጥመቂያ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው። የቆሻሻ መኪና ፊት ለፊት ገጠመን። ሾፌራችን ወደ ኋላ ሲመለስ የአንድ ቤት አበባ ሳጠራ ገጨ። የቤቱ ባለቤት ወጥተው ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ተሳስመው ተለያዩ። ይኼ ሁሉ ሲሆን ጀርመናውያኑ ቆጣሪ እንደሚያይ ሰው ሰዓታቸውን ያያሉ።

የቆየ መጥመቂያ ቤት ካናቫ ይባላል፤ ከአመዱ ተፈልፍሎ የተሠራ ዋሻ ነው። ውስጡ ብርድ ብርድ ይላል፣ እንጨትና እርሾ ይሸታል። እዚህ ኒክቴሪ የሚባለውን ቀመስን። ድሮ ወይኑን ለቅመው ሙቀት ሳይነካው በሌሊት ይጨምቁት ነበር። ዛሬ በሕጉ ቢያንስ 13 ነጥብ 5 በመቶ አልኮል ሊኖረውና በርሜል ውስጥ ሊቆይ ይገባል። ለእኔ በርሜሉ የአሲርቲኮውን ሹልነት አደነዘዘው። አስጎብኚዋን አልኳት፤ አልተቆጣችም። "እኔም እንዳንተ ነኝ፤ አባቴ ፊት ግን አልለውም" አለች። ማቭሮትራጋኖ የሚባል ቀይም ቀመስን፤ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ከ1990ዎቹ ወዲህ እንደገና የተነሳ ዝርያ ነው። አውስትራሊያውያኑ ሁለት ጠርሙስ ገዙ፤ አንዱ 45 ዩሮ።

የመጨረሻው አርጊሮስ ነው፤ ኤፒስኮፒ የሚባል ሰፈር፣ ገደሉን ትቶ ወደ ምሥራቅ ባሕር የሚያይ። ከ1903 ጀምሮ የቤተሰብ ነው። የመጣነው ለቪንሳንቶ ነው፤ ጣፋጩ ወይን። የሚሠራበትን መንገድ አስጎብኚዋ አስረዳችን። ነጩን ወይን ለቅመው ከሁለት ሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሲኮማተር ጨምቀው ያፈሉታል። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ዓመት በርሜል ይጠብቀዋል፤ አንዳንዱ ብዙ ዓመት ይተኛል። ነጭ የነበረው ወይን ሲወጣ ቀለሙ የወፍራም ማር ነው።

ስቀምሰው አወቅኩት። ዘቢብ ነው፣ ግን በሌላ ዕድሜ። ለአስጎብኚዋ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የምትጠቀመው የወይን ጠጅ ገዝታ ሳይሆን ዘቢብ በውሃ ዘፍዝፋና ጨምቃ እንደሆነ ነገርኳት። አይፈላም፣ አልኮል የለውም። ዓይኗ ፈጠጠ። የዚህ የቪንሳንቶ ትልቁ ደንበኛ ድሮ የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን እንደነበረች ነገረችኝ፤ የደሴቲቱ መርከቦች ለቁርባን እስከ ኦዴሳ ያደርሱ ነበር፤ የ1917ቱ አብዮት ሲመጣ ገበያው ተዘጋ። ኮሪያዊው ሁለታችንንም እያየ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል። እንዴት እንደሚዘፈዘፍ፣ ማን እንደሚጨምቀው ጠየቀኝ። ዲያቆን አይደለሁምና የማውቀውን ያህል ነገርኩት።

የ160 ዩሮው ነገር የተፈታልኝ እዚያ ጋ ነው። በአውቶቡስ አምሳ ሆነን ብንመጣ ማን ዓርብ እንደሚጾም ማን ያያል? ለዘቢብ ወሬስ ማን ጊዜ አለው?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24፦ አክሮቲሪ

ራሴ ትንሽ ከብዶኛል። አከራይዬ አይተውኝ ሳይጠይቁ የቲማቲም ኮፍታ፣ ቶማቶኬፍቴዴስ፣ ጠብሰው አቀረቡልኝ። ገንዘብ ሰጥቻቸው ሊቀበሉኝ አልፈለጉም።

አክሮቲሪ ፍንዳታው የቀበራት ከተማ ናት። ቁፋሮው የተጀመረው በ1967 በስፒሪዶን ማሪናቶስ ነው። ሥፍራው በሙሉ በጣሪያ ተሸፍኗል። የቀድሞው ጣሪያ በ2005 ሲፈርስ ተዘግቶ እስከ 2012 አልተከፈተም ነበር። ባለ ሁለትና ሦስት ፎቅ ቤቶች፣ መስኮቶች፣ ከመንገዱ ሥር የተቀበረ የፍሳሽ መስመር አለ። የሰው አጽም አልተገኘም። ምድሪቱ ቀድማ አስጠንቅቃ ሰዉ ሸሽቶ ይሆናል። ትልልቅ ጋኖች ግን እንደተደረደሩ አሉ፤ እህል፣ ዘይትና ወይን ይከተትባቸው ነበር። ያችን ከተማ የቀበረው አመድና ትናንት አስጎብኚያችን በእጇ የዛቀችው አንድ ነው። የዛሬው ወይን የበቀለው በዚያ ቀብር ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ሰፈሬ ልመለስ አውቶቡስ ጠበቅኩ። አንዱ ሞልቶ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ጥላ የለም። በእግሬ ስጀምር አንድ አሮጌ ፒካፕ አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ ስልሳዎቹን ያለፈ ገበሬ ነው፤ ከኋላ ባዶ የወይን ሳጥኖች ጭኗል። እስከ ሜጋሎሆሪ አደረሰኝ። በእንግሊዝኛ የሚያውቃቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ "ግሬፕ፣ ፊኒሽ" አለና ወገቡን ያዘ። ለቀማው የሚጀመረው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ልጁስ? "ሆቴል" አለኝ። ለቀማውን ማን ያግዝሃል ስለው "አልባኒያ" አለ፤ ሠራተኞቹ ከዚያ የሚመጡ ናቸው።

እሁድ፣ ነሐሴ 25፦ መመለስ

ጠዋት ከአከራይዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰው ጫማውን አያወልቅም፤ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከበሮ የለም። እኔ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ዜማው ግን ረጅም ነው፤ በዚያ እንግዳነት አልተሰማኝም። ሲወጡ አከራይዬ ለጎረቤቶቻቸው "ከኢትዮጵያ ነው፣ ዓርብ ይጾማል" እያሉ አስተዋወቁኝ። ዜናው ከእኔ ቀድሞ መንደር ገብቷል ማለት ነው። አንዲት ጎረቤት አቅፋ ሳመችኝ።

መርከቡ ሁለት ሰዓት ዘገየ። ሜልቴሚ። ወደቡ ላይ አንድ ሳንድዊች 8 ዩሮ ነው፤ ከአከራይዬ የተሰጠኝን ዳቦና ኮፍታ በላሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ጠርሙስ በሸሚዝ ተጠቅልሏል፤ አንድ አሲርቲኮ በ34 ዩሮ፣ አንድ ትንሽ ቪንሳንቶ በ48።

ፒሬየስ የደረስነው እኩለ ሌሊት አልፎ ነው። ሰኞ ረፋድ ላይ ከሆቴሉ አጠገብ ያለ የወይን መሸጫ መስኮት ላይ ያንኑ አሲርቲኮ አየሁት። ያው ስም፣ ያው ዓመት፣ 29 ዩሮ። ግሪካዊው ወዳጄ እየሳቀ "ደሴት ላይ ንፋሱንም ይሸጡልሃል" አለኝ። ገብቼ ቪንሳንቶውን ጠየቅኩ። እሱስ አልቋል አሉኝ።